የጭኔ ቁስልና የአይስላንዱ ዓሣ

የጭኔ ስፌት የተከፈተው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ3ኛው ሳምንት ነው። ቡና ፈልቷል ተብዬ ከሶፋ ስነሳ ሱሪዬ ረጠበ፤ ባለቤቴ ውኃ የደፋሁ መስሏት ነበር።

ጭኔ ላይ የወጣብኝ ዕጢ ሳርኮማ ነበር፤ እንደ ጡንቻና ስብ ባሉ የሰውነት ክፍሎች የሚነሳ ካንሰር። ሐኪሞቹ መጀመሪያ 25 ቀን ጨረር፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና አሉ። ጨረሩ ሲቀድም የሚሰጠው የጨረር መጠን ያንሳል፤ ዕዳው ቁስል ላይ ይመጣል እንጂ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተሰጣቸው ሰዎች 35 በመቶው የቁስል ችግር ገጥሟቸዋል፤ በኋላ ከተሰጣቸው 17 በመቶው። አውቄ ፈርሜያለሁ፣ ማንንም አልወቅስም።

ቁስሉ በርዝመት 9፣ በስፋት 4 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ጥልቀቱ ጣት ያስገባል። ፈሳሹን የሚመጥ ማሽን እንደ ቦርሳ አንግቼ ሳምንታት ዞርኩ። ትንሽ ሥጋ ሞላና ቆመ። ጨረር የመታው ሥጋ የደም ሥሩ ስለሚሳሳ አዲስ ሥጋ ማብቀል ይከብደዋል።

ከሌላው ጭኔ ቆዳ ልጦ መለጠፍም ነበር፤ ግን የተለጠፈ ቆዳ የሚይዘው ሥሩ ደም ያለው ሥጋ ሲያገኝ ነው። ጡንቻ አዙሮ መሸፈን ደግሞ ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ መሀል መንገድ አቀረበልኝ፤ ሕዋሱ ታጥቦ የወጣለት የሌላ ፍጥረት ሕብረ ሕዋስ። ለእኔ የገባኝ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ ማገሩን እነሱ ያቆሙልሃል፣ ጭቃውን የምትመርገው አንተው ነህ። የራስህ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ማገሩ ውስጥ ገብተው ይሞሉታል፣ ማገሩም ቀስ በቀስ ይሟሟል።

ምርጫው ከአሳማ አንጀት፣ ከከብት፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች ከለገሱት የእንግዴ ልጅ ሽፋን ወይም ከአይስላንድ የኮድ ዓሣ ቆዳ የተሠራ ነበር። አሳማውን ሲጠራ ፊቴ ሳይታወቀኝ ተቀየረ መሰለኝ፣ ሐኪሙ ራሱ ወደ ዓሣው ዞረ። ከዓሣ ወደ ሰው የሚሻገር ቫይረስ እምብዛም ስለማያሰጋ ቆዳው እንደ ከብቱ በኃይለኛ ኬሚካል አይታሽም፣ ስቡም ሳይወጣ ይቆያል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ስትሰማ ያሳሰባት ሌላ ነው። «ልጄ፣ ዐቢይ ጾም ገብቷል እኮ፣ ዓሣ ይሆናል?»

«እማዬ፣ ልበላው አይደለም!»

ከሁሉ በፊት ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ወስደው ካንሰሩ አለመመለሱን አረጋገጡ። ሥጋ የሚያበቅል ነገር ዕጢ ያለበት ቦታ ላይ አይደረግም፤ ይህን ሳይጠይቅ ማንም ባይስማማ ደስ ይለኛል። የዓሣ አለርጂ ይኖርብኝ እንደሆነም ጠየቁኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ቁስሉን ደም እስኪወጣው ፋቀው። ከፓኬቱ የወጣው ነገር ደረቅ፣ ነጣ ያለና ቅርፊቱ የተነሳለት ነው፤ ብራና ነው የመሰለኝ። የጨው ውኃ ውስጥ ሲነከር ለዘበ፤ በመቀስ ቁስሉን አስመስሎ ቆረጠው፣ ከሥሩ ክፍተት እንዳይኖር በጣቱ ተጫነው፣ በላዩ የማይጣበቅ መረብ፣ ከዚያ ፋሻ።

ጥፋቱን እኔ ሠራሁ። በ5ኛው ቀን የላዩን ፋሻ ልቀይር ስል መረቡ አብሮ ተነሳ፤ ሥሩ ቢጫ ዝልግልግ ነገር። አመረቀዘ ብዬ በፋሻ ጠራርጌ አጸዳሁትና ኮራሁ። ነርሷ በቀጠሮዬ መጥታ ገልጣ አየችና «ቆዳው የት ሄደ?» አለች። ዋጋው በካሬ ሴንቲሜትር የሚታሰበውን ነገር ቆሻሻ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ያ ዝልግልግ ቆዳው ሲሟሟ የሚሆነው ነበር። ቁስሉ ከታጠበ በኋላም የማይለቅ ሽታ፣ ዙሪያውን መቅላትና መጋል፣ ትኩሳት፣ የሚጨምር ሕመም ከመጣ ግን ያን ጊዜ መደወል ነው። ከዚያ ወዲህ ውል ገባን፤ የላዩ ፋሻ የእኔ፣ መረቡና ከሥሩ ያለው የእሷ። ለሁለተኛው ቆዳ የኢንሹራንስ ፈቃድ እስኪመጣ 12 ቀን ጠበቅሁ፤ ያ ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። ጾሜን ይዤ፣ በሽሮና በጎመን ሥጋ ላበቅል ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሃል አለችኝ፤ ለእኔ 100 ግራም ገደማ። የነፍስ አባቴ ጋ ስደውል ሳቁና «በሽተኛን ማን ጹም አለው?» አሉኝ። ጠዋት ሦስት እንቁላል የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

በሁለተኛው ቆዳ ወለሉ ቀልቶ እንደ እንጆሪ ጉብ ጉብ አለ፤ በሦስተኛው ጠርዙ ወደ መሀል መሳብ ጀመረ። ከመጀመሪያው ልጥፍ እስኪጠግግ 13 ሳምንት ወሰደ። አሁን ቦታው ጎድጎድ ያለ፣ የሚያብረቀርቅና ላብ የማያውቅ ነው፤ ማታ ማታ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። እናቴ በቪዲዮ ባየችው ቁጥር ቅርፊት ትፈልግበታለች።