ሠርጉ ላይ የተቀዳው አለቤ

የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ በምንገለብጥበት ቤት የገጠመኝ ነው። ሳስበው አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያበግነኛል።

ባልና ሚስት የሠርጋቸውን ቪኤችኤስ ካሴት አምጥተው ሄዱ። የማጫወቻውን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል ማለቴ ነው፣ በአልኮል ጠረግሁና ካሴቱን ከተትኩት። ሙሽራዋ ከቤት ወጣች፣ ሚዜዎች ጨፈሩ፣ ኬክ ሊቆረስ ሲል ምስሉ ተንቀጠቀጠና ኮሜዲያኖቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ብቅ አሉ!

የዚያ ዘመን ልጅ ይገባዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ሆድህን ይዘህ ነው የምትስቀው። በ1990ዎቹ ደግሞ አለባቸው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አለቤ ሾው»ን ይዞ መጣ። ልስቅ ነው ብለህ ተደላድለህ ትቀመጣለህ፣ እሱ የተቸገረ ሰው ያቀርብና እናትህ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ ታገኛታለህ። በመኪና አደጋ መሞቱ የተሰማ ጊዜ እኛ ቤት እንደ ዘመድ ነው የተለቀሰለት። ታዲያ እንዲህ ሳላስበው ሲመጣብኝ እንዴት ላቁመው? ድምፁን ጨመርኩ እንጂ።

አለቃዬ ከኋላዬ መጣ። «ሠርግ አይደል የተቀበልከው? ይሄን ቆሻሻ ቁረጠውና የሠርጉን ስጣቸው።»

ቆሻሻ! አለቤን! አልመለስኩለትም። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ሠርጉንና አለቤን በሁለት ፋይል አስቀመጥኩት።

ሰዎቹ ሲመለሱ ከፍቼ አሳየኋቸው። እትዬ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኬኩስ?»

«የለም እትዬ። ላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል።»

ጋሼ ፈጠን ብለው «በስህተት ይሆናላ፣ ልጆቹ ነካክተውት» አሉ።

ቪዲዮ ቀራጮች የሠርግ ካሴት ሲያስረክቡ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ይሰብሯታል፣ እንዳይቀዳበት። የተሰበረችበት ቀዳዳ ካልተሸፈነ ዴኩ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው፣ አይቀዳም። የዚህኛው ተሸፍኗል፣ ያውም በቁስል ፕላስተር፣ ጠርዙ በመቀስ ተስተካክሎ። ስህተት ደግሞ መቀስ አይዝም። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ካሴቱን ብቻ ጀርባውን አዙሬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

እትዬ አነሱት። አዩት። ለካ እሳቸውም ነገሩን ያውቁታል።

«አንተ! ይሄን ማን ለጠፈው?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ ቆይተው ግን ቀና አሉ። «ቤት ውስጥ ሌላ ካሴት አልነበረማ! ደግሞ ኬክ ቆረስን እንጂ ምን አደረግን? ይሄ እኮ አለቤ ነው!»

አሁን ፈነዱ ብዬ ስጠብቅ እስክሪኑ ላይ አለባቸው የሆነ ነገር ተናገረ፣ እትዬም ሳቃቸው አመለጣቸው። ኮስተር ሊሉ ሞከሩ። ደግሞ አመለጣቸው። ጋሼ የሚስታቸውን ፊት ሰረቅ አድርገው እያዩ መሳቅ ይቻል እንደሆነ ይለካሉ።

«ለኔ ሠርጉን፣ ለሱ አለቤውን አድርግልን ልጄ» አሉ እትዬ። «የሁለቱንም እሱ ይክፈል።»

«ሁለት ፍላሽ፣ የሁለት ሥራ ሂሳብ» ብሎ ቶሎ ደረሰኝ የቆረጠው ያው «ቆሻሻ» ያለው ሰውዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ አዲስ ሕግ አለው፤ ጀርባው ፕላስተር ያለበት ካሴት ባለቤቱ ሳይፈርም አይገባም። ትክክል ነው፣ ከጭቅጭቅ ያድናል። እኔ ግን ፕላስተር ያየሁ እንደሆነ ሌላውን ሥራ አቁሜ እሱን ነው የማስቀድመው። ሌሎቹ ኮሜዲያኖች፣ ደረጀና ሀብቴ ይኖሩበት ይሆናል፣ ተስፋዬ ካሳ ይኖርበት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ባለፈው አለቃዬ ያንኑ ቁራጭ ፌስቡኩ ላይ ለጥፎ «የማይረሳን አለቤ» ብሎ ጽፎበት አየሁ። ከየት አመጣኸው አላልኩትም። ላይክ አደረግሁለት።