የአንድ ክረምት የዋጋ ምዝገባ፦ በድሬዳዋ የነበረኝ የሥራ ልምምድ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ትምህርቴን እንዳጠናቀቅሁ፣ በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኝ አንድ ቢሮ የሥራ ልምምድ አድርጌአለሁ። ከትምህርት ክፍሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፌ ቢሮው ድረስ በሄድሁ ጊዜ፣ የተገኘውን ሁሉ እሠራለሁ ከማለት ይልቅ በገበያ ዋጋ መረጃ ላይ መሥራት እንደምፈልግ ለይቼ ተናገርሁ። ፍላጎቱን ያልገለጸ ተለማማጅ ክረምቱን ፋይል ሲያደራጅ ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ይህን አስቀድሞ መወሰን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ጠዋት ወደ ገበያ ወጥቶ የተመረጡ ሸቀጦችን ዋጋ መጠየቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኤክሴል መዝግቦ ካለፈው ጊዜ ጋር ማነጻጸር ነበር። «ከፊራ» በሚባለው የከተማው ገበያ ውስጥ ግን ማሽላ በኪሎም በጣሳም ይሸጣል፤ ቲማቲም በመደብ፣ ከሰል በማዳበሪያ ይቀርባል። የአንድ መደብ ቲማቲም ዋጋ ካለፈው ሳምንት ጋር እኩል ሆኖ የመደቡ መጠን ካነሰ፣ ገዢው በእርግጥ የበለጠ እየከፈለ ነው፤ ቅጹ ላይ ግን ምንም ለውጥ አይታይም። ስለዚህ ትንሽ ሚዛን ይዘን እየዞርን ሁሉንም ወደ ኪሎ እንመልስ ነበር። የቡድን መሪያችን የሸቀጡ ዓይነት፣ ጥራት፣ መለኪያና የተጠየቀበት ቦታ አብረው ያልተጻፉለትን ዋጋ አትቀበልም ነበር። በክፍል ውስጥ የዋጋ መለኪያ ቀመር ስንማር የቅርጫቱ፣ ማለትም ዋጋቸው የሚለካው ሸቀጦች ስብስብ፣ ይዘት ከወር ወር ያው እንደሆነ አድርገን እንነሣለን፤ ያን «ያው» ለማድረግ የሚፈሰውን ላብ ያየሁት በከፊራ ገበያ ነው።

ነጋዴዎቹን ማነጋገርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከአካባቢው ገጠር ከሚመጡት ሻጮች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ ባልደረባ ጋር እሄድ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህን የምትጽፈው ግብር ሊጨመርብን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ ስምዎ አይጻፍም፤ የምንፈልገው የዛሬውን ዋጋ ብቻ ነው» ብዬ ቅጹን አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃቸው ዋጋውን የሚነግሩኝ እርሳቸው ሆኑ። መንግሥት ትክክለኛ አኃዝ የሚያገኘው የጠየቀውን ለምን እንደጠየቀ ሲያስረዳ ብቻ ይመስለኛል።

በቢሮው ካገኘሁት እውቀት ደግሞ የጂኦሜትሪያዊ አማካይ (ቁጥሮቹን ደምሮ ከማካፈል ይልቅ አባዝቶ በብዛታቸው ልክ ሥራቸውን የሚያወጣ አማካይ) ጥቅም ይበልጥ ግልጽ ሆኖልኛል። ከሦስት ሻጮች የአንዱ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር፣ የሁለተኛው በግማሽ ቢቀንስና የሦስተኛው ባለበት ቢቆይ፣ የለውጦቹ ተራ አማካይ ዋጋ ወደ 17 በመቶ እንደጨመረ ያሳያል፤ ጂኦሜትሪያዊው አማካይ ግን ምንም ለውጥ የለም ይላል። ሰነፍ ስሌት ግሽበትን ከሌለበት ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በሥራው መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ክረምቱ ሳያልቅም ከ100 ብር አለፈ። ከጅቡቲ በባቡርና በመኪና የሚገባው ዕቃ በሚራገፍባት ድሬዳዋ፣ ይህ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሁሉም ሰው ይጓጓ ነበር። «ታይዋን» በሚባለው የከተማው ገበያ ውስጥ አንዳንድ ነጋዴዎች ዕቃውን ደርድረው «ዛሬ አንሸጥም» አሉን። ዋጋ ብንጠይቅ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠሩልናል፤ ነገር ግን በዚያ ዋጋ የገዛ የለም። የቡድን መሪያችን የተጠራው ቁጥር እንዳይመዘገብና ሸቀጡ «ለሽያጭ አልቀረበም» ተብሎ እንዲያዝ ወሰነች። በሰዓቱ ትልቅ ዜና የሚሆን ቁጥር በእጃችን ሳለ መተዋችን ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ውሳኔው ፍጹም ትክክል እንደነበር አምናለሁ።

ሌሎች ነጋዴዎች ደግሞ ዕቃቸውን ቀድሞም በጥቁር ገበያ በተገዛ ዶላር ያስመጡ ስለነበር፣ የባንኩ ተመን መቀየሩ ብቻውን ዋጋ እንደማያስጨምራቸው ነገሩን። የማሽላው ነገር ከሁለቱም የተለየ ነው። በሐረርጌ ማሽላ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ በመሆኑ፣ በክረምት የአምናው እህል እየተሟጠጠ ዋጋው መውጣቱ በየዓመቱ የሚታይ ነው። የነሐሴን የማሽላ ዋጋ ከሰኔ ጋር ብቻ አነጻጽሮ ጭማሪውን ሁሉ ለምንዛሪው የሚሰጥ ሪፖርት አንባቢውን ያሳስታል፤ እኔም ሰንጠረዡን ሳዘጋጅ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽር ዓምድ ጨመርሁበት።

ወደ ማብቂያው በነፍስ ወከፍ የሚሰሉ አኃዞችን በማዘጋጀት ሳግዝ፣ መነሻችን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው የከተማው አስተዳደር 341,834 ነዋሪ እንደሆነና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ግርጌ የሕዝብ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እጽፍ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌንም ከዚሁ መዝገብ ተነሥቼ ጀምሬአለሁ፦ የምንዛሪው ለውጥ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦችና በማሽላ ዋጋ ላይ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደሚታይ እመረምራለሁ። ቢሮው መረጃውን የሰጠኝ የነጋዴዎቹ ማንነት እንዳይወጣ በጽሑፍ ካስፈረመኝ በኋላ ነው።