ጠጠር የሌለበት ሐሞት

አጎቴ ሆዳቸው ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚባለው፣ አብጦ ስለተገኘ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ያበጠውም ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ ተተካ። በስምንተኛው ቀን ልጃቸው ደወለችልኝ። «አባዬ እህል አልቀምስ አለ፤ ከጎድኑ ሥር በስተቀኝ ያመዋል፤ ትኩሳትም አለው፤ የቁስሉ ሕመም ነው ይሉናል» አለችኝ። እኔ ጅማ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ብሆንም የሐሞት ከረጢት በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም፤ «ይታገሡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ በተነሣው አልትራሳውንድ የከረጢቱ ግድግዳ ወፍሮ፣ በዙሪያውም ፈሳሽ ተጠራቅሞ ታየ፤ ከረጢቱ ተቆጥቶ (አብጦ) ነበር። ጠጠር ግን አልነበረም። የሐሞት ከረጢት ቁጣ ሲባል ሁላችንም ጠጠር ስለምንፈልግ፣ «ጠጠር የለም» የሚለው ቃል ቤተሰቡን ለግማሽ ቀን አረጋግቶ ነበር። ዳሩ ግን ከድንገተኛ የሐሞት ከረጢት ቁጣዎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ጠጠር የሚመጡ ናቸው፤ በብዛትም የሚይዙት በጽኑ የታመሙና ከባድ ቀዶ ሕክምና ያለፉ ሰዎችን ነው። እነዚህ ያለ ጠጠር የሚመጡ ቁጣዎች ደግሞ ከጠጠር ከሚነሣው ይልቅ ፈጥነው ግድግዳውን ያበሰብሳሉ፣ ይበሱታልም።

ሐሞት ከከረጢቱ ወደ አንጀት የሚወርደው በተለይ ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ ነው፤ ሕመምተኛው ለቀናት ሳይበላ በግሉኮስ ብቻ ሲቆይ ሐሞቱ ባለበት ይረጋል፣ ይወፍራል፤ እንደ ሞርፊን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎችም የሐሞት መውጫውን በር ያጠብቁታል። በዚህ ላይ በቀዶ ሕክምናው ብዙ ደም ፈስሶ ግፊቱ ሲወርድ፣ ግፊቱን ለመመለስ የሚሰጡት መድኃኒቶችም ትናንሽ ሥሮችን ሲያጠቡ፣ ከረጢቱን የሚመግበው ቀጭን የደም ሥር የሚደርብለት ስለሌለ ግድግዳው ደም ይራባል። አጎቴ ደግሞ የደም ሥራቸው በዕድሜና በሲጋራ አስቀድሞ የጠበበ ሰው ናቸው። ምልክቱን የሚሸፍነውም ያው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ሆዱ የተቀደደ ሰው ሆዴን አመመኝ ሲል ማን ይደነቃል?

ከረጢቱን ቀዶ ማውጣት የታወቀ መፍትሔ ቢሆንም ሐኪሞቹ አልደፈሩትም። የተመረዘው ሐሞት ቢፈስስ አዲሱን ቧንቧ ሊበክለው ይችላል፤ የተበከለ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየተመሩ በጉበቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡ፤ አንቲባዮቲክም ጨመሩ። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ወረደ።

ጋሼ ቱቦውንና ማጠራቀሚያ ከረጢቱን በጋቢ ሸፍነው ጅማ ገቡ። በቋንቋችን ደፋሩ «ሐሞተ ኮስታራ» ነው፤ የፈራው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። ለጥየቃ የመጡትን ጎረቤቶች ጋቢውን ገለጥ አድርገው «የእኔስ በእርግጥ ፈሰሰ፤ ይኸው» እያሉ ያስቁ ነበር። ቱቦው ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ቀለም ተረጭቶበት ሐሞቱ ወደ አንጀት መውረዱ በራጅ ከታየ በኋላ ወጣ፤ ጠጠርም ስላልነበረ የሐሞት ከረጢታቸው እስካሁን እዚያው አለ።