በአቦ ዕለት የወደቀው አውሮፕላን

ባሕር ዳር ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ግንቦት አንድ ወጣት ከዳንግላ መጣ። ወንድ አያቱ በአውሮፕላን አደጋ ነው ያረፉት፤ ባለቤታቸው ያኔ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ስለነበር ፋይሉን ማየት ፈለገ። «በጥይት ተመትቶ ነው የወደቀው» እየተባለ ነው ያደገው። ዘመኑ የጦርነት ነበር፣ በረራውም ወደ አሥመራ፤ ቤተሰቡ እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም።

«የ1980ን ይፈልጉልኝ ጋሼ» አለኝ። ባሕር መዝገቡን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ገጽ በገጽ አየነው። የሉም። ልጁ ቅስሙ ተሰበረ።

«1980ን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ኢንተርኔት ላይ 1988 ይላል፣ 8 ቀነስኩ አለ። ወሩስ? ሴፕቴምበር። በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው! የኛ አዲስ ዓመት ከገባ ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም የፈረንጅ ዓመት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ወሩን ነው የምጠይቀው።

ለማረጋገጥ ሴት አያቱ ቀኑን እንዴት እንደሚያነሱት ጠየቅኩት። «እንቁጣጣሽ አልፎ በአቦ ዕለት» ይላሉ። አቦ ወር በገባ በ5 ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ደግሞ መስከረም 5 ቀን 1981። ገጠመ! ፊደል ያልቆጠሩ እናት ቀኑን ከኢንተርኔቱ እኩል ይዘውታል፣ ደስ አለኝ።

የ1981 ፋይል በሲባጎ ታስሮ፣ ጠርዙን አይጥ በልቶት ተገኘ። ከምስክሮቹ አንዱ ራሳቸው ተሳፋሪ የነበሩ ናቸው። ገና ከመነሳታችን ሞተሩ ተንኳኳ፣ ልንመለስ ስንል ወደቅን፣ ከዚያ እሳት ተነሳ ብለው አስመዝግበዋል። ስለ ጥይት አንድም ቃል የለም።

ምክንያቱ ርግብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፣ ሞተሮቹ ግን ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ መሬት መታና ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ይህን ስነግረው ልጁ ብዙ ዝም አለ፤ እኔም አልቸኮልኩበትም፣ ዕድሜ ልኩን ገዳይ አለ ብሎ ሲያስብ ለኖረ ሰው ቀላል ወሬ አይደለም።

የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም አድርጌ ሰጠሁት። እሱ ግን ዓይኑ የምስክሩ ስም ላይ ነበር። ስልክ አውጥቶ ዳንግላ ደወለ። «እማምዬ፣ እኒህን ሰውዬ ታውቂያቸዋለሽ?» አለ። ያውቋቸዋል፤ ዱርቤቴ ነው ያሉት፣ በሕይወት አሉ። ከሰዓት በኋላ ባለው መኪና ሄደ።