ጉንፋን የያዘው አፍንጫ

በሥራ ዘመኔ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከነዚያ ሁሉ መካከል ዛሬም የምትቆረቁረኝ ግን አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያደረግኋት የራይት ምልክት ናት። ቅጹ «ሽታ ተስተውሏል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም «የለም» የሚለውን መርጬ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሞልቼ፣ ስሜን ከሥር አስፍሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ ከሳርንያ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የአምጂውናንግ ሪዘርቭ፣ ማለትም ለነባር ሕዝብ በተከለለ መሬት ነው። ኦጂብዌ የተባለው ነባር ሕዝብ መንደር ሲሆን፣ በአንድ በኩል የሴንት ክሌር ወንዝ፣ በሌሎቹ በኩል ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያዎችና የኬሚካል ፋብሪካዎች ይዋሰኑታል፤ የመንደሩ መቃብር እንኳ የማጣሪያ ጎረቤት ነው። ኬሚካል ቫሊ በሚባለው በዚህ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በ25 ኪሎ ሜትር ዙሪያ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የአሜሪካን ወገን ጨምሮ፣ 62 ትላልቅ የኢንዱስትሪ ተቋማትን ቆጥሯል።

እኔ በጊዜው የአየር ናሙና በሚሰበስብ አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ሥራው አየሩ ተመጥጦ የወጣለትን ባለ 6 ሊትር የብረት ካኒስተር በሰው ግቢ አቁሞ ቫልቩን መክፈት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ተመልሶ መዝጋት፣ የውስጡን ባዶነት የሚለካው ጌጅ ሲጀመር 30፣ ሲያበቃ 5 ገደማ ማንበቡን መዝግቦ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ካኒስተሩን የማቆምበት ግቢ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለማያውቅ በአፌ እንደ እኩያ ባነጋግራቸውም፣ በልቤ ግን እማማ ነበር የምላቸው።

የተዋወቅነው እኔ ደንግጬ እርሳቸው ስቀው ነው። ሰኞ ቀን ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን አካባቢውን አናወጠው፤ እኔም የመሣሪያ ሣጥኔን ጥዬ ጭንብሌን ፍለጋ ወደ መኪናው ሮጥኩ። እማማ ቡናቸውን እንደያዙ ከበረንዳው ሳይነሱ ሳይረኑ በየሳምንቱ ሰኞ በዚህ ሰዓት እንደሚፈተሽ ነገሩኝና፣ «አደጋው ሰኞን እየጠበቀ ቢመጣ እንዴት በተመቸን ነበር» አሉ።

የዚያች የራይት ምልክት ቀን ሐሙስ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የጀመረኝ ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖታል፤ የሕመም ፈቃድ ግን አልጠየቅሁም። ካኒስተሩን ልዘጋ ስደርስ እማማ በሩ ላይ ቆመው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሽታ ቀስቅሷቸው እስኪነጋ ራሳቸውን ሲያማቸው ማደሩን ነገሩኝ። ሽታው ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው፣ የጋዝ ምድጃ ሳይዘጋ ያደረ ይመስላል አሉኝ። ይህን ማንም ቡታጋዝ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ለሽታ ተብሎ ቡታጋዝ ውስጥ የሚጨመረው ሜርካፕታን የተባለው የሰልፈር ውሁድ ነው።

«አሁንም አለ፤ አይሸትህም?» አሉኝ።

ሳብ አደረግሁ። እንኳን ሜርካፕታን፣ የእጃቸው ቡና እንኳ አልሸተተኝም። ይህን ከመናገር ይልቅ የእጅ ጋዝ መለኪያዬን አውጥቼ አበራሁና «ዜሮ ነው» ብዬ ቁጥሩን አሳየኋቸው።

እማማ መለኪያውን አዩ፤ ቀጥሎም በሌላው እጄ ጨብጬው የነበረውን ሶፍት አዩ። «እርሱንም ጉንፋን ይዞት ይሆን?» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ይዞታል ማለት ይቻላል። ያ መለኪያ የተሠራው ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሸሽቶ እንዲያመልጥ እንጂ ጎረቤት በሰላም ተኝቶ ማደሩን ለማረጋገጥ አልነበረም፤ ከሚሊዮን የአንድ እጅ አንድ አሥረኛ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ ይለዋል። ሜርካፕታንን ግን የሰው አፍንጫ ከቢሊዮን በጥቂት እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይለየዋል። ካኒስተሩም ቢሆን አያድንም፤ ላቦራቶሪው የሚፈልገው በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ኬሚካሎች ብቻ ነው፤ በእኛ ዝርዝር ላይ ሰልፈር አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ሆኖም አንዲቱንም አልነገርኳቸውም።

ወደ ወጥ ቤታቸው አስገቡኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አሳዩኝ። አንድ ፋብሪካ በነፃ ያደለው፣ የሐይቅና የአበባ ሥዕል ያለበት ነው፤ እርሳቸው ግን በየቀኑ ሣጥን ውስጥ ሰዓትና ሽታ ጽፈውበታል፦ «የበሰበሰ እንቁላል»፣ «የጥፍር ቀለም»፣ «አስፋልት»፣ «ምንም፣ ጥሩ ቀን»። ውጤቱ ሲመጣ የትኛው ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደነበረ ይነግረኝ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ካኒስተሩ የሚሰጠው የ24 ሰዓት አማካይ ብቻ መሆኑን አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲህ አሁን በጥፊ ብትመታኝና ለ24 ሰዓት ብታካፍለው፣ እየደባበስከኝ ዋልክ ማለት ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቅጹን ስሞላ ስለ ሽታ የምትጠይቀዋ ሣጥን ላይ ደረስኩ። የተጠየቀው ባለሙያው ያስተዋለውን ነው፤ እኔም አላስተዋልኩም፤ ስለዚህ «የለም»። ለሕሊናዬ ግን የእማማን ቃል ከነሰዓቱ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኩት።

አለቃዬ በማግስቱ ጠራኝ። ሰውየው ኮማ ከቦታዋ ከተዛነፈች እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነው። «ከላይ የለም ብለህ ከታች አለ ትላለህ፤ ሪፖርት ራሱን አይቃረንም» አለና የእማማን ቃል ሰረዘው። ለምን የላይኛውን አንሰርዝም ስለው፣ «ደንበኛው የሚከፍለን ለቁጥር እንጂ ለወግ አይደለም» አለኝ።

መልሱ የመጣልኝ እንደተለመደው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ ታዋቂ ሳይንሳዊ መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከ1999 እስከ 2003 ድረስ በዚህ ማኅበረሰብ ከተወለዱት ሕፃናት ወንዶቹ 35 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ያሳየ ሲሆን፣ ከጸሐፊዎቹ አንዷ የመንደሩ ነዋሪ ናት። ወግ የሚለው ነገር ተቆጥሮ ታትሟል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ከአንድ ማጣሪያ ያመለጠ የሰልፈር ጋዝ የመንደሩን መዋእለ ሕፃናት ሲያዳርስ፣ የልጆቹና የሞግዚቶቹ ሕመም መጀመሪያ ጉንፋን መስሎ ነበር። ያኔ ጋዙን ጉንፋን አሉት፤ እኔ ደግሞ በጉንፋኔ ምክንያት ጋዝ የለም አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሪፖርቱ በማኅበረሰቡ አዳራሽ ሲቀርብ እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። አለቃዬ ስላይዶቹን እያሳለፈ፣ በናሙናው ወቅት «የመስክ ባለሙያው ምንም ሽታ አላስተዋለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበ። ከፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት እማማ ዞር ብለው በዓይናቸው ፈለጉኝ፤ ሲያገኙኝም ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ቀስ ብለው አፍንጫቸውን ጠረጉ። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ታሪኩ አስቀድሞ ደርሷቸዋል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ስሙን ከመኪናው ነዳጅ የሚጋራው ቤንዚን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል በመንደሩ አየር ከፍ ሲል ማኅበረሰቡ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ ክፍለ ግዛቱም የአንዱን ፋብሪካ ፈቃድ አገደ፤ ፋብሪካው ኋላ ላይ ለዘለቄታው እንዲዘጋ ተወሰነ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያወራው በየሰዓቱ ስለሚወጣው ንባብ ነበር። የእማማን ጥፊ አስታወስኩ።

አለቃዬም ከስህተቱ አልተማረም አይባልም። ጉንፋን የያዘው ባለሙያ የሽታዋን ሣጥን ባዶ እንዲተዋት መመሪያ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ወጥነት ስለሌላት» ከቅጹ ላይ አስወጣት። እኔ ሥራውን ከመልቀቄ በፊት እማማ ፋብሪካው ካደላቸው አዲስ የቀን መቁጠሪያዎች አንዱን ሰጥተውኝ ነበር፤ ወጥ ቤቴ ሰቅዬዋለሁ። በመጀመሪያዋ ሣጥን ላይ የጻፍኩት «ጉንፋን፤ አላውቅም» የሚል ነው።