የፓኬጅ ስሪቶችን ወሰን እንዴት እንደጻፍኩ፦ ከጅማ የቡና ሚዛን መዝገብ ሥራ

ጅማ ሆኜ የምከታተለው ሶፍትዌር፣ በአጋሮና በሊሙ አካባቢ ባሉ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ገበሬው ያስረከበውን ክብደት መዝግቦ ክፍያውን ያሰላል። ፓይቶን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ስሌቱን የያዘ ላይብረሪ ነው፣ ሁለተኛው ያንን ላይብረሪ የሚጠቀም የጣቢያ ፕሮግራም ነው። ስረከበው፣ ከሚያስፈልጉት ፓኬጆች (ሌሎች ካዘጋጇቸው የኮድ ጥቅሎች) መካከል የሠንጠረዥ ሥራ የሚሠራው ፓንዳስ በስሪት 2.0.3 ላይ ተወስኖ፣ ፓንዳስ የሚደገፍበት የቁጥር ስሌት ፓኬጅ ነምፓይ ግን ያለ ስሪት ቁጥር በስሙ ብቻ ተጽፎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ነምፓይ 2.0 ወጣ። ከዚያ በኋላ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ስንጭነው ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ቆመ። ፓንዳስ 2.0.3 ራሱ ለነምፓይ ያስቀመጠው ታችኛውን ወሰን ብቻ ስለነበር፣ የፓይቶን ፓኬጆችን የሚጭነው ፒፕ ደንቡን ሳይጥስ አዲሱን ነምፓይ አመጣ፤ አስቀድሞ የተጠናቀረው የፓንዳስ ክፍል ግን የተዘጋጀው ለነምፓይ 1 ነበርና ሁለቱ ሊገናኙ አልቻሉም። የሚያስፈልጉት ፓኬጆች በተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ ‹numpy<2› (ከ2 በታች የሆነ ነምፓይ) ብዬ ስጽፍ ችግሩ ተፈታ፤ ከጎኑም ምክንያቱንና ወሰኑ የሚነሣበትን ሁኔታ በማስታወሻ አሰፈርኩ።

ሰው ሁሉ ስለ ላይኛው ወሰን ይነጋገራል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ታችኛው ነው። ታችኛው ወሰን ‹በዚህ ስሪት ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል› የሚል ቃል ነው። ለምሳሌ በፓንዳስ ሠንጠረዥ ሕዋሶች ላይ አንድ ስሌት የሚያስኬደው ‹ማፕ› የተጨመረው በ2.1.0 ነው፤ ይህን የሚጠቀም ኮድ ‹>=2.0› (2.0 ወይም ከዚያ በላይ) የሚል ወሰን ቢይዝ፣ አዲሱ ስሪት ባለበት ማሽን ሁሉ ይሠራና አሮጌው ባለበት ጣቢያ በሥራ መሐል ይወድቃል። ስለዚህ የላይብረሪውን ፍተሻ ሁለት ጊዜ አስኬዳለሁ፦ አንድ ጊዜ ወሰኑ በሚፈቅደው ከፍተኛ ስሪት፣ ሌላ ጊዜ በዝቅተኛው። ዩቪ የተባለው የፓኬጅ መጫኛ መሣሪያ ዝቅተኛውን ስሪት እንዲመርጥ ሊታዘዝ ስለሚችል ይህን ያቀልላል።

ምልክቶቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። በፓይቶን ‹~=1.4.2› ማለት ከ1.4.2 ጀምሮ በ1.4 ውስጥ መቆየት ሲሆን፣ ‹~=1.4› ግን ከ1.4 ጀምሮ ከ2 በታች ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል፤ አንዲት ቁጥር መጉደሏ ወሰኑን እንዲህ ታሰፋዋለች። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችን በሚጭነው ኤንፒኤም ደግሞ ‹^1.2.3› ከ2.0.0 በታች ያለውን ሲቀበል፣ ‹^0.2.3› የሚቀበለው ከ0.3.0 በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከ1.0.0 በፊት አዘጋጁ ምንም ነገር ሊለውጥ ይችላል። ደግሞም ቁጥሩ የአዘጋጁ ቃል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ መሣሪያው የሚያነበው ቁጥሩን ነው፣ ኮዱን አይመረምርም።

ላይብረሪውንና ፕሮግራሙን በአንድ ደንብ ማስተዳደር ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ፓኬጆች በሚጫኑበት በአንድ የፓይቶን አካባቢ (ኢንቫይሮንመንት) ውስጥ የአንድ ፓኬጅ አንድ ስሪት ብቻ ይኖራል፤ ላይብረሪው በጠባብ ወሰን ከታሰረ፣ አብሮት የሚጫን ሌላ ፓኬጅ የተለየ ስሪት ሲፈልግ መጫኑ ይከለከላል። በመሆኑም ለላይብረሪው ሰፊ ወሰን ሰጥቼ፣ ላይኛውን ገደብ የማስቀምጠው የታወቀ እክል ሲኖር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ግን እያንዳንዱ ፓኬጅ፣ በተዘዋዋሪ የሚመጣውም ጭምር፣ ትክክለኛ ስሪቱና ሃሹ (ፋይሉ አለመለወጡ የሚታወቅበት መለያ) የተመዘገበበት ሎክ ፋይል አለው። ኢንተርኔት በማይዘልቅባቸው ጣቢያዎች የእነዚያኑ ፓኬጆች ፋይሎች በፍላሽ ይዘን ሄደን ከአቃፊው እንጭናለን፤ ሎክ ፋይሉንም የምናድሰው ቡናው ከመድረሱ በፊት በክረምት ነው።

ነምፓይ 2ን መደገፍ የጀመረው ፓንዳስ 2.2.2 ነው፤ ወደ እርሱ ስንሸጋገር ማስታወሻው ላይ የሰፈረው ሁኔታ ተሟላ። የፓንዳስን ታችኛ ወሰን ወደ 2.2.2 ከፍ አድርጌ፣ ፍተሻው በነምፓይ 1.26ም በ2.0ም ካለፈ በኋላ ‹<2› የሚለውን ከላይብረሪው አነሣሁ።