አርክን ለማየት ወደ ሎንሻን፦ ያቀድኩበት መንገድና ያስተማረኝ

ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮንፍ የተባለው የፈረስ ውድድር፣ ባጭሩ አርክ፣ በየዓመቱ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ፓሪስ ውስጥ በሎንሻን ሜዳ ይሮጣል። በ2026 ቀኑ ኦክቶበር 4 ላይ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ቀኑ ስለማይነቃነቅ ዕቅዴን የሠራሁት ከዚያች እሑድ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው፤ መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ ማደሪያ፣ ከዚያ መግቢያ፣ ፈረሱ መጨረሻ።

ብዙ ሰው በተቃራኒው ከፈረሱ ይጀምራል። «እገሌ የተባለው ፈረስ ከሮጠ እሄዳለሁ» የሚል ዕቅድ ግን አርክ ላይ አይሠራም። የተሳታፊዎቹ የመጨረሻ ዝርዝርና የመነሻ በር ዕጣቸው የሚታወቀው በውድድሩ ሳምንት ሐሙስ ነው። ቀድሞ ያልተመዘገበ ፈረስ ባለቤት እንኳ በዚያው ሳምንት 120,000 ዩሮ ከፍሎ ሊያስገባ ይችላል። በ2024 ያሸነፈችው ብሉስቶኪንግ የገባችው በዚህ መንገድ ነው። የምትወዱት ፈረስ በሽታ ቢይዘው ወይም ሜዳው ቢጨቀይበት ደግሞ ሐሙስ ማታ ይቀራል፤ የእናንተ አውሮፕላን ግን አይጠብቅም።

ቪዛውን በዝርዝር ልናገር፤ ጉዞውን የሚያበላሸው በአብዛኛው እሱ ነውና። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚያመለክት ሰው መልስ የሚጠብቅበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም፤ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዳንዶቹን መተውም ቀርቷል። ስታመለክቱ ውሳኔው እንዳለ መሆኑን አጣሩ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። እኔ የሠራሁበት ስሌት እንዲህ ነው፦ ሰነዱ ሰኔ ውስጥ ከገባ 45ቱ ቀን ቢዘገይ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ተጨማሪ ወረቀት ቢጠየቅ ማምጫ ጊዜ ይተርፋል። ወደ ነሐሴ መጨረሻ የገፋ ሰው ግን የባንክ ደብዳቤና የመሥሪያ ቤት ማረጋገጫ የሚያሯሩጠው በዓመት መባቻና በመስቀል ሰሞን ይሆናል፤ ያኔ ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው ከቢሮው አይገኝም።

የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ የጤና መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሼንገን (በአንድ ቪዛ በሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) የሚሠራ መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ስለ ገንዘብ ፈረንሳይ የምትጠይቀው ዝቅተኛ መጠን የታወቀ ነው፦ የሆቴል ማረጋገጫ ላለው በቀን 65 ዩሮ፣ ለሌለው 120 ዩሮ፣ ዘመድ ቤት ለሚያርፍ 32 ዩሮ ተኩል። ለ6 ቀን ሆቴል የያዘ ሰው ስሌቱ 390 ዩሮ ይመጣል፤ ይህ ግን ወለሉ ነው፣ ሒሳባችሁ ልክ እሱን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ አያሳምንም። ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብም እንዲሁ ጥያቄ ያስነሳል፤ ከወር ወር የሚታይ ደመወዝ ይሻላል። ፓሪስ ያለ ዘመድ የሚያስተናግዳችሁ ከሆነ በአካባቢው ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት፤ በእጁ የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ያ ወረቀት 30 ዩሮ ያስከፍላል፣ ሳምንታትም ሊወስድ ስለሚችል ዘመድን ቀድሞ መወትወት ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ የምትኖሩ የምታመለክቱት እዚያው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከጉዞው በኋላም የሚቆይ መሆኑን እዩ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ መንገዱንም ይወስናል። እንግሊዝ አገር ኒውማርኬት የተባለችውን የፈረስ ውድድር ከተማ አይቶ ወደ ፓሪስ ተመልሶ አርክን ማየት የሚል ሐሳብ ያለው ሰው እንግሊዝን ከፓሪስ በፊት ወይም በኋላ ያድርግ፤ መሀል ላይ ካስገባት ቪዛው ያልቃል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ፓሪሱ ሻርል ደ ጎል ማረፊያ የሚበር አውሮፕላን አለና እኔ ነገሩን አላወሳሰብኩትም፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቲኬት።

ማደሪያ ላይ ዋናው ጠላት የፋሽን ሳምንት ነው። የፓሪስ ፋሽን ሳምንት ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ስለሚቆይ ከአርክ ጋር ይገጥማል፤ በመሀል ከተማና በምዕራቡ በኩል ያለው ሆቴል ዋጋው የሚሰቀለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሜዳው አጠገብ መፈለግ ሳይሆን በሜትሮ መስመር 1 ላይ መፈለግ ነው። መስመሩ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሰንጥቆ ፖርት ማዮ የሚባለው ጣቢያ ስለሚያደርስ፣ ናስዮን ወይም ቬንሰን አካባቢ ያደረ ሰው ባቡር ሳይቀይር ይደርሳል። ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ያዙ፤ ቪዛው ቢከለከል በማደሪያው በኩል የምታጡት አይኖርም።

ሜዳው ያለው በቡሎኝ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሜትሮ በሩ ድረስ አይገባም። ከፖርት ማዮ 244 ቁጥር አውቶቡስ በጫካው በኩል ያልፋል፤ በአርክ ሰሞንም ብዙውን ጊዜ ነጻ ማመላለሻ ይመደባል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት ተለያይቷል፤ በዚያ ዓመት ሜትሮው 2 ዩሮ ከ50፣ አውቶቡሱ 2 ዩሮ ነበር። በሜትሮው ትኬት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ተቆጣጣሪ ከያዘው ቅጣት ይከፍላል። በመስመር 10 ፖርት ዶተይ ወርዶ በእግር መሄድም ይቻላል፤ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል፣ ካልዘነበ ደስ ይላል። ታክሲን የማልመክርበት ምክንያት አለኝ፦ የሻንዜሊዜ ጎዳና በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለመኪና ዝግ ነው፣ አርክም የሚሮጠው በመጀመሪያው እሑድ ነው። ከመሀል ከተማ የተነሳ ታክሲ ዙሪያውን ሲሄድ ቆጣሪው ይሮጣል፤ እናንተ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች ታጣላችሁ።

መግቢያውን የሚሸጠው ሜዳውን የሚያስተዳድረው ፍራንስ ጋሎ ነው፤ ስልክ ላይ በሚቀመጥ ኮድ ይመጣል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር መግቢያ ማለት ወንበር ማለት አለመሆኑ ነው። ተራ መግቢያ የያዘ ሰው በሣሩ፣ በአጥሩ ዳርና ፈረሶቹ ከውድድሩ በፊት በሚዞሩበት ቦታ አካባቢ ይቆማል፤ ወንበር ለብቻው ይገዛል። አርክቴክቱ ዶሚኒክ ፔሮ የነደፈውና በ2018 የተከፈተው ወርቃማ የተመልካቾች ሕንጻ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ከላይኛው እርከን ሜዳው በሙሉ ይታያል። እድሜያቸው የገፋ ወላጆች ወይም ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወንበር መግዛት ቅንጦት አይደለም፤ ዝግጅቱ ከቀትር አካባቢ እስከ ምሽት ዳርቻ ይቆያል።

አጥር ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ምን እንደሆነ ግን ይወቅ። ውድድሩ 2400 ሜትር ነው፣ በቀኝ ይዞራል። መነሻው ከሕዝቡ ማዶ፣ ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ አጠገብ ነው። ፈረሶቹ ከመነሻው ጥቂት እንደሄዱ ዳገቱን ይይዛሉ፤ ከፍታው ወደ 10 ሜትር ነው። ከዚያ እየዞሩ ይወርዱና «ሐሰተኛው ቀጥታ» የሚባለው ቦታ ይደርሳሉ። ስሙ የወጣለት ጋላቢውን ስለሚያታልል ነው፦ መጨረሻው የደረሰ ይመስለውና ፈረሱን ይለቀዋል፤ ገና አንድ መታጠፊያና ከ500 ሜትር በላይ ቀጥታ ይቀራል። አስቀድሞ የተለቀቀ ፈረስ በመጨረሻው 200 ሜትር ላይ ሲደክም ታዩታላችሁ። ይህን ሁሉ አጥር ዳር ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ትንሿ ጫካም መሀል ላይ ትጋርዳለች። አጥሩ የሚሰጠው የኮቴውን ድምፅና ጥቂት ሰከንድ ነው። የእኔ ምርጫ ቀደም ያሉትን ውድድሮች አጥር ዳር ማየት፣ ለአርክ ግን ከፍ ያለ ቦታ መያዝ ነው። 8 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፕሪ ደ ላቤይ የተባለው የ1000 ሜትር ውድድር የሚሮጥበት ቀጥታ መም ከሕንጻው ራቅ ስለሚል እሱን በስክሪን ተከታተሉ።

በሩቁ ፈረስ በመልኩ አይለይም፤ ግማሹ ዳማ ነው። የሚለየው በጋላቢው ልብስ ነው፣ የልብሱ ቀለምም የባለቤቱ ነው። በ2025 ያሸነፈው ዳሪዝ የአጋ ካን ቤተሰብ ነው፤ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ቀይ ትከሻ። አንድ ባለቤት ሁለት ፈረስ ካሰለፈ ቀሚሱ ስለሚመሳሰል የቆቡን ቀለም ቀድማችሁ በውድድሩ ዝርዝር ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉበት።

የመወዳደሪያ ደንቡን ማወቅ ንባቡን ያቀላል። እስከ 2025 ድረስ አርክ ላይ የሚገቡት 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድንጉላዎችና ባዝራዎች ነበሩ፤ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ አይገባም ነበር፣ ውድድሩ ለርቢ የሚሆነውን መምረጫም ነውና። ቢበዛ 20 ፈረስ ይሰለፋል። የ3 ዓመቱ ድንጉላ 56 ኪሎ ተኩል፣ ከዚያ በላይ ያለው 59 ኪሎ ተኩል ይሸከማል፤ ለባዝራ 1 ኪሎ ተኩል ይቀነሳል። እንግዲህ የ3 ዓመት ባዝራ 55 ኪሎ ይዛ ከትልልቆቹ ጋር ትሮጣለች፤ ባዝራዎች አርክን ደጋግመው የሚያሸንፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትሬቭ በ2013 እና በ2014፣ ኢኔብል በ2017 እና በ2018 ወስደዋል። የመነሻ በሩም ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ በኩል የወጣ ፈረስ ወይ ረጅሙን መንገድ ይሮጣል ወይ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገባል። ጋላቢው ፍራንኪ ደቶሪ በ2015 ጎልደን ሆርንን ከ14ኛ በር ሲያስነሳ ብቻውን ወደ ውጭ አውጥቶ አስሩጦ ቆይቶ ነው ወደ ፊት ያስገባው፤ አሸነፈም። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ የምመለከተው ግን መሬቱን ነው። በ2011 ደረቅ ሜዳ ላይ ዴንድሪም የሮጠችው በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከ49 ነው። በ2022 በዝናብ የራሰ ሜዳ ላይ አልፒኒስታ ያሸነፈችው ከ2 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ በላይ ወስዳ ነው። ሁለቱም ሎንሻን፣ ሁለቱም 2400 ሜትር። ልዩነቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲሆን ጭቃ የማይወድ ፈረስ ያለፈ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ የዝናቡን ትንበያ፣ ከሜዳው የሚወጣውንም የመሬት ልኬት ተከታተሉ፤ ፈረንሳዮቹ በቁጥር ነው የሚያወጡት፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ለስልሷል።

ለሚወራረድ ሰው፦ አገር ቤት በኳስ ውርርድ ኦዱ፣ ማለትም የክፍያው ብዜት፣ ቲኬቱ ሲቆረጥ ይቆለፋል። ፈረንሳይ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። የሁሉም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ አዘጋጁ ድርሻውን ያነሳል፣ የቀረው ለአሸናፊዎች ይካፈላል። ለምሳሌ ቋቱ 100,000 ዩሮ ቢሆን፣ 20,000 ቢነሳለትና በአሸናፊው ላይ የተጣለው 8,000 ቢሆን ለእያንዳንዱ 1 ዩሮ 10 ዩሮ ይደርሳል። መነሻው በር እስኪከፈት ድረስ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይቀያየራል። የጃፓን ደጋፊዎች በብዛት መጥተው በፈረሳቸው ላይ ሲከምሩ ክፍያው የሚወርደው በዚህ ነው፤ በ2006 በጃፓኑ ፈረስ በዲፕ ኢምፓክት ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር። መስኮት ላይ የፈረሱን ቁጥር፣ «ጋኛን» ለአሸናፊ ወይም «ፕላሴ» ለደረጃ፣ ከዚያ የገንዘቡን መጠን መናገር ይበቃል። 8 ወይም ከዚያ በላይ ፈረስ ከተሰለፈ ደረጃ ማለት ከ1ኛ እስከ 3ኛ፣ ከ4 እስከ 7 ከሆነ እስከ 2ኛ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ አንዱ የፈረሱ፣ አንዱ የመነሻ በሩ። ጀማሪ የበሩን ቁጥር ነግሮ የሌላ ፈረስ ቲኬት ይቀበላል። ለአርክ መቁረጫው ሰልፍ ስለሚረዝም እኔ የምቆርጠው ከእሱ በፊት ያለው ውድድር ሳይጀመር ነው።

ልብስ ላይ አትጨነቁ፤ የአለባበስ ደንቡ እንደሚጠብቀው የእንግሊዙ ውድድር ሮያል አስኮት አይደለም። ተራ መግቢያ ላይ ንጹሕ ልብስ ይበቃል፣ ሬስቶራንት የያዘ ኮት ይልበስ። የሐበሻ ቀሚስ ያምራል፣ ረጅም ጥለት ግን እርጥብ ሣር ላይ ይበላሻል። ቀጭን ተረከዝ ይሰምጣል። ጋቢ ባይሆንም አንድ ወፈር ያለ ነገር ያዙ።

ዓርብ ወይም ሰኞ ቀን የተረፈው ሰው ሻንቲዪ ወደምትባለው ከተማ ይሂድ። ከጋር ዱ ኖር ባቡር ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ወደ 25 ደቂቃ ነው፤ ከ1719 እስከ 1735 የተሠራው ግዙፍ የፈረስ በረት አሁን የፈረስ ሙዚየም ሆኗል። ማክሰኞ ዝግ ነው።

አርክ የሚሮጠው ከ16:00 በኋላ ነው፣ በእኛ ሰዓት 10 ሰዓት አለፍ ሲል። ፓሪስ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ቤት ሆኖ የሚከታተል ዘመድ ካለ 11 ሰዓት ላይ እንዲጠብቅ ንገሩት። ከእሱ በኋላም ፕሪ ደ ሎፔራና ፕሪ ደ ላ ፎሬ የሚባሉ ውድድሮች አሉ፤ ሕዝቡ ግን ወዲያው ወደ አውቶቡስ ይጎርፋል። ትንሽ ቆይቶ፣ ከመጨረሻው ውድድር በፊት መውጣት ሰልፉን ያስቀራል፤ በእግር የሚመለስ ሰው ደግሞ ጫካው መብራት ስለሚያንሰው ከ19:30 በፊት ፖርት ዶተይ መድረስ አለበት።